የሉቢች እጅ

ስክሪኑን የሞሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ማቆሚያው ላይ የተቀመጠ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ሲኒ ቡና። በአንድ በኩል የወንድ እጅ ማንኪያ ይዞ ይገባና የእንቁላሉን አናት መታ መታ ያደርጋል። በሌላ በኩል የሴት እጅ ቡናውን ያማስላል። ፊት አይታይም። ሁለቱ እጆች ለጥቂት ጊዜ በየሥራቸው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይዘገያሉ፣ ይቆማሉ፣ ከምስሉም ይወጣሉ። እንቁላሉና ሲኒው ብቻቸውን ቀሩ። ትንሽ ቆይቶ የሴቲቱ እጅ ተመልሶ ሲኒውን ገፋ ያደርገዋል፤ የወንዱም እጅ እንቁላሉን ወደዚያ ይለዋል። ባልና ሚስት ቁርሳቸውን ትተዋል። ለምን እንደተዉት የሚነግረን ጽሑፍ የለም፤ ካሜራውም ቀና ብሎ ሊያሳየን አይቸኩልም።

ይህ «የጋብቻ ክበብ» ከተባለው ፊልም የተወሰደ ነው። ኤርንስት ሉቢች እ.ኤ.አ. በ1924 ለዋርነር ብራዘርስ የሠራው፣ ታሪኩ ቪየና ውስጥ የሚያልፍ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ነው (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ፊልም አለ፤ ማንም ፈልጎ ሊያየው ይችላል። እኔ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ ታናሽ እህቱ፣ ስለ «እንደገና ሳመኝ» ነው። ይህችኛዋ በኦገስት 1925 ወጣች። ዳይሬክተሩ ያው ሉቢች፣ ካሜራማኑ ያው ቻርልስ ቫን ኤንገር፣ ከዋና ተዋንያኑም ማሪ ፕሬቮና ሞንቴ ብሉ እነዚያው ናቸው። ዛሬ በየትኛውም የፊልም ቤተ መዛግብት እንዳለ የሚታወቅ ቅጂ የላትም።

ያላየሁትን ፊልም አሠራር እንዴት አደንቃለሁ? መልሱ በከፊል ቀላል ነው፤ ከጠፋ ፊልም ሁሉም ነገር አይጠፋም። የዚህኛው ታሪክ ለምሳሌ አልጠፋም። መነሻው ቪክቶሪየን ሳርዱና ኤሚል ደ ናዣክ የጻፉት፣ በ1880 ፓሪስ ላይ የታየው «እንፋታ» የተሰኘ ቴአትር ነው። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ ፍቺ ተከልክሎ ነበር፤ ዳግም የተፈቀደው በ1884 ነው፤ ስለዚህ ቴአትሩ ሲታይ ጉዳዩ ትኩስ የፖለቲካ ክርክር ነበር። ሚስት በባሏ ተሰላችታ ሌላ ሰው ላይ ዓይኗን ትጥላለች። ባል አይጮህም፣ አይደባደብም። «እሺ፣ እንፋታ» ይላታል። ፈቃዱን እንዳገኘች ውሽማው እንደ ባል ይሰለቻት ጀመር፣ ባሏ ደግሞ እንደ ውሽማ ይናፍቃት ገባ። ሉቢችና ከበርሊን ጀምሮ አብሮት የኖረው ስክሪፕት ጸሐፊ ሃንስ ክሬሊ ይህንኑ አጥንት ወሰዱ፤ ሉሉ የተባለችው ሚስት ሞሪስ ለተባለ ሙዚቀኛ ልቧን ትሰጣለች፣ ባሏ ጋስቶን በፍቺው የተስማማ መስሎ ይጠብቃታል፣ መሐል ላይ ጠበቃና የጠበቃው ጸሐፊ ይገባሉ።

ቴአትሩ ታትሟል። ከፊልሙ የተነሡ ፎቶግራፎች አሉ። በዘመኑ ጋዜጦች የወጡ ሂሶች አሉ። ማን ምን እንደተጫወተ፣ ማን ማንን እንደሳመ ይታወቃል። የሌለው፣ እጅ ከሲኒ ላይ ለመነሣት የወሰደበት ጊዜ ነው። ለእኔ ደግሞ የሉቢች ሥራ ማለት ያ ጊዜ ነው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቁራጭ ላይ 16 ምስሎች ይገባሉ። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው በአብዛኛው በእጅ እየተዘወረ ይቀርጽ ነበር፤ ሲኒማ ቤት ውስጥም ፕሮጀክተሩን ፈጠን ወይም ዘግየት የሚያደርገው ኦፕሬተሩ ነው። እንዲያም ሆኖ የፊልሙ ቁራጭ ርዝመት የተወሰነ ነው፤ መቀሱ ካለፈበት በኋላ አይለወጥም። እጆቹ ከወጡ በኋላ ባዶውን ገበታ የምናይባትን ያቺን ቁራጭ በአንድ ስንዝር ብታሳጥሯት፣ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ሳይገባው ያልፋል። በአንድ ስንዝር ብታረዝሟት ደግሞ፣ የገባው ሰው መሳቁን ጨርሶ ዳይሬክተሩን መጠበቅ ይጀምራል፤ ከኮሜዲ ዳይሬክተር ቀድሞ የደረሰ ተመልካች ደግሞ አይምርም። ሂስ ጸሐፊ «ደስ የሚል ትዕይንት ነበር» ብሎ ሊጽፍልን ይችላል። የስንዝሯን ልክ ግን ሊጽፍልን አይችልም።

የ«የጋብቻ ክበብ» መክፈቻ ይህንን በሌላ መንገድ ያሳያል። ፕሮፌሰር ስቶክ (አዶልፍ ሜንጁ) ጠዋት ተነሥቶ ካልሲውን ሲያጠልቅ ጣቱ በቀዳዳው ብቅ ይላል። ሌላ ካልሲ ፍለጋ መሳቢያውን ይስባል፤ ለእሱ የሚሆን የለም። የሚስቱን መሳቢያ ይስባል፤ ስቶኪንጎች በሥርዓት ተደርድረው ሞልተዋል። በቃ። በዚህ ቤት ማን እንደሚለብስና ማን እንደተረሳ፣ ገንዘቡና ሐሳቡ የት እንደሚሄድ፣ ሁለት መሳቢያ ተናገሩ። ቀጥሎ ስቶክ በመስኮት ቁልቁል ሲመለከት ሚስቱ ሚዚ ከማያውቀው ወንድ ጋር ታክሲ ውስጥ ስትገባ ያያል፤ ፊቱም ይበራል። ይቆጣል ብለን የጠበቅን ሁሉ እዚህ ላይ ተያዝን። ሰውዬው ደስ ያለው የፍቺ ማስረጃ አገኘሁ ብሎ ነው። ሜንጁ ለዚህ ምንም አይጨምርም፤ እጁን አያወራጭም፣ ግንባሩን አይይዝም። ቀዳዳ ካልሲ ያየንለት ሰው ስለሆነ ፈገግታው ብቻ ይበቃል።

መሳቢያው ከባዶ የመጣ አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊን በ1923 «የፓሪስ ሴት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ራሱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ አልገባበትም፤ ሀብታሙን ወንድ የተጫወተው ይኸው ሜንጁ ነበር። እዚያ ውስጥ ሠራተኛዋ መሳቢያ ስትከፍት የወንድ ኮሌታ ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ የቀድሞ ፍቅረኛውን ሊጠይቅ የመጣው ሠዓሊ ኮሌታውን ያያል፤ የሴትየዋ ኑሮ በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ ያኔ ገባው። ሉቢች ይህን ፊልም አይቶ ተደንቆበታል። የወሰደውም ብልሃቱን ነው፤ ቻፕሊን ልብ ለመስበር የከፈተውን መሳቢያ እሱ ለሳቅ ከፈተው። መውሰዱን እንደ ነውር የሚቆጥሩ አሉ። እኔ አልቆጥረውም፤ ባለሙያ ከባለሙያ የሚማረው እንዲህ ነው፣ በተለይ የተማረውን ይህን ያህል አዙሮ ሲጠቀምበት።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የክሊኒኩ ትዕይንት ነው። ዶክተር ፍራንዝ (ሞንቴ ብሉ) ሚስቱን ሻርሎትን የሚወድ ሰው ነው። ሚዚ ደግሞ የሻርሎት ጓደኛ ሆና ሳለ እሱን ማሳደድ ይዛለች። ቢሮው ድረስ መጥታ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። በዚህ መካከል የሥራ ባልደረባው በሩን ይከፍታል። ከበሩ የሚታየው የፍራንዝ ጀርባና አንገቱን ያቀፉ ሁለት የሴት እጆች ናቸው። የሻርሎት እጆች መስለውት፣ በባልና ሚስት መሐል የገባ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው በሩን ይዘጋል። ዞር ሲል ሻርሎት መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አለች።

የእጅ ሥራውን ለማየት እዚህ ላይ ፊልሙን ማቆም ያስፈልጋል። መጀመሪያ የካሜራው ቦታ። እኛ የእጆቹን ባለቤት አስቀድመን አውቀናል፤ ባልደረባው አላወቀም፤ ስለዚህ በሩ ሲከፈት እሱ የሚያየውን እናያለን፣ እሱ የማያውቀውን ግን ይዘን ነው የምናየው። ቀጥሎ የተዋናዩ ፊት። ይህ ባልደረባ ሻርሎትን በልቡ የሚመኛት ሰው ነው፤ ጓደኛው ሚስቱ ላይ መሄዱን ማወቁ መርዶ ብቻ አይሆንበትም። ሐዘኔታና ተስፋ ባንድ ፊት ላይ ተራ ይጠባበቃሉ። ባልደረባውን የሚጫወተው ክሬይተን ሄል በዚህ ፊልም ውስጥ ብዙም የሚመሰገን ተዋናይ አይደለም፤ እዚህ ጋ ግን ለሰውነቱ የሚስማማ ሥራ ተሰጥቶታል፣ እሱም አላበላሸውም። ሦስተኛው ነገር፣ ማንም አልዋሸም። ሁሉም ያየው ትክክል ነው። የተሳሳቱት ያዩትን ሲተረጉሙት ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር የሉቢች ኮሜዲ ሞተር ይመስለኛል። የእራት ግብዣው ላይም ያው ነው። በየሰሃኑ አጠገብ የእንግዶቹ ስም የተጻፈበት ካርድ ተቀምጧል፤ ፍራንዝ ከሚዚ ጎን መመደቡን አይቶ ለመሸሽ ካርዱን ይቀይራል። ሚስቱ ሲቀይር ታየዋለች፤ ግን ከማን እየሸሸ እንደሆነ አታውቅም፣ ወደ ማን እየሄደ እንደሆነ ብቻ ነው የገመተችው። ታማኝነቱን ያረጋገጠባት ድርጊት ክህደት ሆኖ ተቆጠረበት። አንድ ብጣሽ ካርድ! ቃል አልባው ዘመን ስለሆነ እንዲህ አደረገ ማለት አይበቃም፤ ጽሑፍ በየመሐሉ ማስገባት የሚከለክለው አልነበረም፣ ሌሎች በብዛት ያስገቡ ነበር። እሱ ግን ጽሑፉን ለወሬ ትቶ ቁም ነገሩን ለዕቃ ሰጠ።

ሉቢች በ1892 በርሊን ተወለደ፤ አባቱ የሴቶች ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወጣትነቱን በከፊል በአባቱ ሱቅ፣ ከ1911 ጀምሮ ደግሞ በማክስ ራይንሃርት ቴአትር አሳለፈ፤ መጀመሪያ የሠራቸው ኮሜዲዎችም በሱቅ ሠራተኞች ላይ የሚቀልዱ ናቸው፤ በ1916 የወጣው የጫማ ሱቁ «ፒንኩስ» እንዲያውም በራሱ የተተወነ ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ወደ ውስጥ ነው የሚያዞረው፤ ይህ ሰውም ፊልም ሲሠራ ስፌቱ አይታይም። በ1922 ሜሪ ፒክፎርድ ወደ አሜሪካ አስመጣችው፤ አብረው አንድ ፊልም ሠርተው ተኳረፉ፤ ኋላም ሰውን ሳይሆን በርን ነው የሚያስተውነው ብላ እንዳማችው ይነገራል። ስድብ ብላ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን የክሊኒኩን በር ካየሁ በኋላ ከዚህ የተሻለ ሙገሳ አልሰማሁም።

ተዋንያኑን የሚመራበት ዘዴም የታወቀ ነው። እያንዳንዱን ሚና፣ የሴቶቹንም ጭምር፣ ራሱ ተነሥቶ እየተወነ ያሳያቸዋል። ማሪ ፕሬቮ ሥራ የጀመረችው በማክ ሴኔት ኮሜዲዎች ነው፤ እዚያ ሥራዋ በዋና ልብስ ባሕር ዳር መሯሯጥ ነበር። ሞንቴ ብሉ ደግሞ በዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ የፈረንሳይ አብዮት ፊልም ላይ ዳንቶንን ሆኖ የሮጠና የጮኸ ሰው ነው። ሉቢች የመጀመሪያዋን ሩጫ፣ የሁለተኛውን ጩኸት ቀማቸው። «የጋብቻ ክበብ» ውስጥ ፕሬቮ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የምትሠራውን የዓይንና የትከሻ ሥራ ያየ ሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት የሉሉን ሚና ለምን ለእሷ እንደሰጣት አይጠይቅም።

«እንደገና ሳመኝ» በወጣችበት በዚያው በ1925 ሉቢች ሌላም ነገር አደረገ። የኦስካር ዋይልድን «የሌዲ ዊንደርሚር ማራገቢያ» ፊልም አድርጎ ሲሠራ የደራሲውን ዝነኛ የንግግር ፈሊጦች አንዱንም አልተጠቀመም። ቴአትሩን ቴአትር ያደረገውን ነገር አውጥቶ ጣለ! በምትኩ ያስገባቸው አሉ። ፈረስ እሽቅድምድም ላይ የለንደን ትልልቅ ሰዎች ፈረሱን ትተው መነጽራቸውን ሁሉ አንዲት ስሟ የጎደፈ ሴት ላይ ያነጣጥራሉ። ከዚያ ሴትዮዋ ስትወጣ አንድ ባለጸጋ ይከተላታል፤ እሱ እየቀረባት ሲሄድ የስክሪኑ ጎን በጥቁር እየተሸፈነ ይጠባል፣ ሁለቱን ወደ አንድ ጥግ ይገፋቸዋል። ሰውዬው ለመድረስ የቸኮለውን ያህል ካሜራውም ቦታ ይነሳዋል። ይህን ያስተዋለ ሰው፣ ከፓሪስ የመጣውን ያንን ወሬ የበዛበት የፍቺ ቴአትርም እንዴት አድርጎ እንዳራገፈው መገመት አይከብደውም። ግን ግምት ነው።

«እንደገና ሳመኝ» ለምን ጠፋች? አብዛኞቹ በጠፉበት መንገድ። የዘመኑ ፊልም የተሠራው ከናይትሬት ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ውስጥ እንኳ ይነዳል፤ ሳይቃጠል ቢቀመጥም በጊዜ ብዛት ምስሉ ይደበዝዛል፣ ፊልሙ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ቡናማ ዱቄት ይሆናል። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ የፎክስ መጋዘን ሲቃጠል የኩባንያው የድምፅ አልባ ዘመን ሥራ አብዛኛው አብሮ ነደደ። እሳት ያልበላውን ደግሞ የገበያ ሒሳብ በላው። በ1927 «የጃዝ ዘፋኙ» ከወጣ በኋላ ድምፅ የሌለው ፊልም ማን ይከራያል? ያንን ፊልም ያወጣው ይኸው ዋርነር ብራዘርስ መሆኑን ልብ ይሏል። ያረጁ ቅጂዎች በላያቸው ላለው ብር ሲባል ይቀልጡ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያሳተመው የዴቪድ ፒርስ ጥናት እንደሚለው፣ ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከወጡት 10,919 ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ በወጡበት በ35 ሚሊሜትር መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

አንዳንዱ ይመለሳል። ኮሊን ሙር በ1927 የሠራችው «ኸር ዋይልድ ኦት» የተባለ የፍቅር ኮሜዲ ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ2001 ፕራግ በሚገኘው የቼክ ፊልም ቤተ መዛግብት ተገኘ፤ ጽሑፎቹ በቼክኛ ስለነበሩ አሜሪካኖቹ የራሳቸውን ፊልም ወደ ራሳቸው ቋንቋ መልሰው መተርጎም ግድ ሆነባቸው። ግሎሪያ ስዋንሰንና ሩዶልፍ ቫለንቲኖ አብረው የሠሩት የ1922ቱ «ከቋጥኞቹ ባሻገር» ከኔዘርላንድስ ነው የወጣው። ሩቅ አገር የሄደ ቅጂ የመትረፍ ዕድል ነበረው፤ መመለሻው ከዋጋው ይበልጥ ነበርና እዚያው ይረሳ ነበር።

ሉቢች ራሱ በ1941 የ«እንደገና ሳመኝ»ን ታሪክ «ያ ያልለየለት ስሜት» በሚል ርዕስ በድምፅ ደግሞ ሠርቶታል። ሚስቲቱ መርል ኦበሮን ናት፤ ስቅታ ይዟት የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፣ እዚያ አንድ ነጭናጫ ፒያኒስት ታገኛለች። ፊልሙ ደካማ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከሉቢች ጥሩዎቹ ጎን አላቆመውም። ስቅታው ራሱ ችግሩን ያሳያል፤ የትዳር መሰላቸትን ድምፅ ያለው ነገር ማድረግ ነበረበት፣ ድምፁም ሲደጋገም ይሰለቻል። ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ የድሮው እጅ ብቅ ይላል። ፍቺው በሕግ እንዲያልቅ ባል ሚስቱን ምስክር ፊት በጥፊ መምታት አለበት። ሜልቪን ዳግላስ አልችል አለ። መጠጥ ይጎነጫል፣ ይነሣል፣ እጁን ያያል፣ ይቀመጣል። የገዛ መዳፉ አልታዘዝ ያለው ጨዋ ሰው። እዚህ ላይ ንግግሩን ዘግቶ ቢያዩት ምንም አይጎድልም።

በዚሁ ፊልም የጠበቃውን ጸሐፊ የምትጫወተው ኢቭ አርደን ናት፤ የታወቀችው በምላሷ ነው፣ እዚህም አትምርም። በ1925ቱ የጠበቃው ጸሐፊ ደግሞ ክላራ ባው ነበረች፤ ፊልሙ ሲወጣ ገና 20 ዓመት የሞላት፣ «ኢት» የተባለው ፊልም በአሜሪካ ታዋቂ ሊያደርጋት 2 ዓመት ገደማ የቀራት ልጅ። ባው በሌሎች ፊልሞቿ ዝም ብላ መቆም የማትችል ተዋናይ ናት፤ ዓይኗ፣ ትከሻዋ፣ ጣቷ ሁሉ ይሠራል። ሉቢች ደግሞ ከተዋናይ ላይ የሚቀንስ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ቢሮ ውስጥ ሲገናኙ ማን አሸነፈ? ከሷ ላይ ምን ቀነሰ፣ ምንስ ተወላት? የፊልሙ ጥቅሎች ነገ ከአንድ ምድር ቤት ቢወጡ መሳሙ እስኪደርስ አልጠብቅም። ባልና ሚስቱ ጠበቃው ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የማየው ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ነው።